ፈተናውን አለፍኩ፣ ስላይዱንም አለፍኩት

ባለፈው ሐምሌ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። ማክሰኞ ዕለት 10 ስላይድ (የታካሚ ሴል የተሰራጨበት መስታወት) የያዘ የፈተና ሳጥን በማይክሮስኮፕ አንብቤ አሥሩንም አገኘሁ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ የአንድ የ24 ዓመት ልጅ የአንገት ንፍፊት አይቼ "ለካንሰር የሚያሰጋ ነገር አልታየም" ብዬ ፈረምኩ። የማክሰኞው ውጤት እዚያው ሳምንት ላይ ደረሰኝ። የሐሙሱ ውጤት የደረሰኝ ግን ኅዳር ላይ ነው። አራት ወር ቆይቶ።

ስለዚህ ነገር መጻፍ ከጀመርኩ ሰነበትኩ። እየጀመርኩ እተወዋለሁ። አሁን ልጨርሰው።

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከአደባባዩ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ያለች ትንሽ ላቦራቶሪ ናት። ታካሚዎቻችን ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከአቃቂ ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ከዱከምም። መሀል ከተማ ድረስ ሄዶ ወረፋ ከመጠበቅ እኛ ጋ መምጣቱ ይቀላቸዋል። በበጋ አቧራው በመስኮት ይገባል፣ በክረምት ጭቃው በጫማ ይገባል። ውሃ ሲጠፋ ስላይድ የምናጥበው ከጀሪካን እየቀዳን ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማይክሮስኮፑ ላይ ጨርቅ ጣል አድርገን እንጠብቃለን።

ሥራዬ ፓቶሎጂ ነው፣ ከሰው የተወሰደ ናሙና አይቶ በሽታ መለየት፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው በሳይቶሎጂ፣ ሴል በማንበብ፣ ነው። ከእብጠት ላይ በቀጭን መርፌ ጥቂት ሴል ይወሰዳል። ስላይድ ላይ ይሰራጫል፣ ይደርቃል፣ ቀለም ይነከራል። ከዚያ እኔ ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። ሰዉ "የመርፌ ምርመራ" ይለዋል። የሚመጣው በብዛት ንፍፊት፣ እንቅርትና የጡት እብጠት ነው። የማህፀን በር ናሙናም ይመጣል፣ ግን ትንሽ ነው። በእኛ አገር የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ በብዛት የሚሠራው አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ በዓይን እየታየ፣ አሁን አሁን ደግሞ በኤችፒቪ (ካንሰሩን በሚያመጣው ቫይረስ) ምርመራ ስለሆነ ነው።

ይህ ሥራ ማሽን የለውም። የደም ስኳር ማሽን ሲሳሳት ቁጥሩ ይዘላል፣ መቆጣጠሪያ ናሙናው ያሳጣዋል፣ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል። እኔ ስሳሳት የሚጮህ ነገር የለም። ወረቀቱ ላይ የምጽፈው ዓረፍተ ነገር ልክ ስሆንም ስሳሳትም አንድ ዓይነት ነው። ፊርማዬም አይለወጥም። እንግዲህ ማን ነው የሚነግረኝ?

ለዚህ ነው የብቃት ምዘና የሚባለው ነገር የመጣው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መልሱ የታወቀ ናሙና ለብዙ ላቦራቶሪ ይላካል፣ ሁሉም ያነባል፣ መልሱ ይወዳደራል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 ሰንደርማን እና ቤልክ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ፔንሲልቬንያ ውስጥ ይህን አደረጉ። የተለመዱ የኬሚስትሪ ምርመራዎችን ናሙና ለሆስፒታሎች ላኩ። የመጣው መልስ የሚያስደነግጥ ነበር። አንድ ዓይነት ፈሳሽ ተልኮ፣ መልሱ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ እጅግ ተራራቀ። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ራሱን ደህና አድርጎ ነበር የሚያየው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶችም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሳይቶሎጂ ላይ ሲመጣ ነገሩ ከረረ። የፓፕ ምርመራን፣ ማለትም ከማህፀን በር ሴል ወስዶ ስላይድ ላይ ማየትን፣ እነ ጆርጅ ፓፓኒኮላው በ1940ዎቹ ካስፋፉት በኋላ፣ አሜሪካ ውስጥ በዓመት ሚሊዮኖች ስላይዶች ይነበቡ ነበር። በ1987 ዋልት ቦግዳኒች የተባለ ጋዜጠኛ ዎል ስትሪት ጆርናል ላይ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ። አንባቢዎች በስላይድ ብዛት እየተከፈላቸው፣ ዓይናቸው እስኪደክም ያነባሉ፤ ሴቶች "ነጻ ነሽ" ተብለው ሄደው በካንሰር ይሞታሉ። ጽሑፉ በ1988 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት ኮንግረሱ የላቦራቶሪ ሕጉን አሻሻለ።

ከሕጉ ተከትሎ የመጣውን ደንብ ተማሪ ሳለሁ ነው መጀመሪያ ያነበብኩት፤ እስከ ዛሬም ጥርት ብሎ ይታወሰኛል። አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ100 ስላይድ በላይ እንዳያነብ ይከለክላል። መቶው ጣሪያው ነው እንጂ ኮታ አይደለም። ነጻ ከተባሉት የማህፀን በር ስላይዶች ቢያንስ 10 በመቶው ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት እንደገና ይታያል። አንዲት ሴት ዛሬ ከባድ ለውጥ ከተገኘባት፣ ያለፉት 5 ዓመታት ነጻ የተባሉ ስላይዶቿ ከመደርደሪያ ወጥተው ይታያሉ። አንባቢው ራሱ ደግሞ በየዓመቱ ይፈተናል፤ 10 ስላይድ፣ 2 ሰዓት፣ ማለፊያው ከ100 90።

ነጥብ አሰጣጡ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። አንዷን የካንሰር ወይም የከባድ ቅድመ ካንሰር ስላይድ "ጤነኛ ናት" ካልክ፣ ነጥቡን ማጣት ብቻ አይደለም፣ 5 ይቀነስብሃል። ዘጠኙን አግኝተህ ያቺን አንዷን ከሳትክ 90 ሲቀነስ 5፣ 85። ወደቅህ። ማለትም ዘጠኝ ትክክል መልስ የአንዷን ሴት ዕጣ አይሸፍንም። ይህን ሲያወጡ የተቀመጡት ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ሕጉ በ1988 ወጣ። ፈተናው በመላ አሜሪካ የተጀመረው ግን በ2005 ነው። 17 ዓመት ፈጀ። ገንዘብ አጥተው አይደለም። ስላይድ አጥተው ነው።

ይህንን ትንሽ ላስረዳ፣ ምክንያቱም የእኛም ችግር እዚህ ጋ ነው። የደም ናሙና ይከፋፈላል። ከአንድ ትልቅ ዕቃ መቶ ብልቃጥ ትሞላለህ፣ ለመቶ ላቦራቶሪ ትልካለህ፣ ሁሉም ያው ነው። ስላይድ ግን አንድ ነው። ላዩ ላይ ያሉት ሴሎች በዓለም ላይ እዚያ ብቻ ነው ያሉት። ልትገለብጠው አትችልም። ስለዚህ ራሱ ስላይዱ ከሰው ሰው፣ ከከተማ ከተማ መዞር አለበት። ሲዞር ይሰበራል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ አንዱ ሰው ሴሉን ሲያገኝ በቀለም ነጥብ አድርጎበት ለሚቀጥለው መልሱን ይተውለታል። በዚያ ላይ ለፈተና የሚሆን ስላይድ እንደ ልብ አይገኝም። በአሜሪካው ደንብ ቢያንስ ሦስት ፓቶሎጂስቶች በአንድ ቃል የተስማሙበት መሆን አለበት፣ ካንሰር ወይም ቅድመ ካንሰር ከሆነ ደግሞ በባዮፕሲ (ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ በሚደረግ ምርመራ) የተረጋገጠ። እንዲህ ያለ ስላይድ በብዛት መሰብሰብ ዓመታት ይፈልጋል።

"ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም አትላላኩም?" ይሉኛል። እንላላካለን። ከማይክሮስኮፑ መመልከቻ ላይ ስልክ ደግነን አንስተን "ይሄ ምን ይመስልሃል?" እንባባላለን፣ ለምክር በጣም ይጠቅማል። ለፈተና ግን ፎቶ ግማሹን ሥራ ሠርቶልሃል። አንድ ሰው ከብዙ ሺህ ሴል መሀል ያቺን ቦታ መርጦ "እዚህ ተመልከት" ብሎሃል። የእኛ ስህተት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሴሉን አይተህ ስሙን መሳት ነው። ሁለተኛው ጭራሽ ሴሉን አለማየት ነው። ፎቶ የሚፈትነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሦስት ትንንሽ ላቦራቶሪዎች ተስማማን። አንዱ እኛ፣ አንዱ ሰበታ፣ አንዱ ሰንዳፋ። ሦስታችንም ከከተማው ጠርዝ ላይ ነን፣ በሦስት አቅጣጫ። ለላቦራቶሪ ጥራት የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይኤስኦ 15189፣ ላቦራቶሪዎች በምዘና እንዲሳተፉ ያዛል፤ ለምርመራው የሚሆን የምዘና ፕሮግራም ከሌለም ሌላ መንገድ ፈልጉ ይላል፣ ለምሳሌ ከሌላ ላቦራቶሪ ጋር ናሙና መለዋወጥ። እኛም ያንን ያዝን። በየሦስት ወሩ አንዱ 10 ስላይድ ያዘጋጃል። ሁሉም ኋላ በባዮፕሲ፣ በቲቢ ምርመራ ወይም በታካሚው ክትትል መልሳቸው የታወቀ ነው። ስም ይሸፈናል፣ ኮድ ይለጠፋል፣ ሣጥኑ በጨርቅ ይጠቀለልና የምናምነው ሰው በሚኒባስ ይዞት ይሄዳል። ጭኑ ላይ ነው የሚይዘው፣ ከኋላ አይጭነውም።

አንድ ነገር ጨመርንበት፣ በእሱ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ቀለም ተነክሮ የመጣ ስላይድ የሚፈትነው የአንባቢውን ዓይን ነው፣ የላቦራቶሪውን ቀለም አይፈትንም። ከአንድ የመርፌ ውጋት ግን ሁለት ሦስት ስላይድ ይወጣል። ስለዚህ ከአሥሩ ሁለቱን ቀለም ሳይነከር እንልካለን፣ ደርቆ በሜታኖል ብቻ ተይዞ። ተቀባዩ ራይት በሚባለው በራሱ ቀለም ነክሮ ያነበዋል፣ ከዚያ ጎን ለጎን አስቀምጠን እናያለን። ሰንዳፋዎች የእኛ ሰማያዊ በዝቷል አሉን። ልክ ነበሩ። ሰበታዎች ደግሞ በክረምት ስላይዳቸው ቀስ ብሎ እየደረቀ ሴሉ ይበላሽባቸው እንደነበር በዚህ ታወቀ። አሁን ትንሽ ቬንትሌተር ገዝተዋል። ሳጥኑ ባይኖር በቀለም ምክንያት ተጣልተን አንታረቅም ነበር፣ ምክንያቱም ሁላችንም የራሳችንን ቀለም ለምደነዋል።

መጀመሪያ ላይ ያስቸገረን ግን ቀለም አልነበረም። ይሉኝታ ነው። ከሦስታችን መሀል አንዱ አንጋፋ ናቸው፤ ግማሾቻችንን ያስተማሩ ሰው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙር በስልክ ነበር የምንነጋገረው። "ዶክተር፣ እርስዎ ምን አሉ?" እንላለን። እሳቸው ይናገራሉ። ከዚያ ሁላችንም "አዎ፣ እኔም እንደዚያው ነው ያየሁት።" ሁለት ዙር ሙሉ አንድም ልዩነት አልነበረም! ጥሩ ነን ማለት ነው ብለን ነበር። ልዩነት አለመኖሩ ራሱ ሊያሳስበን ይገባ ነበር።

በሦስተኛው ዙር መልሱ ተጽፎ በታሸገ ፖስታ እንዲሆን ተስማማን። ፖስታው የሚከፈተው ሁሉም ካስገባ በኋላ ነው። ሦስት ስላይድ ላይ ተለያየን። አንዷ የእንቅርት ናሙና ነበረች፣ እሳቸው ደህና ናት ብለው የጻፉባት፤ ባዮፕሲው ግን ካንሰር ነው ያለው። ክፍሉ ዝም አለ። እሳቸው ስላይዱን እንደገና ማይክሮስኮፕ ላይ አደረጉት፣ ረጅም ጊዜ አዩት፣ ቀና ብለው "ተሳስቻለሁ። ይቺን ጥግ አላየኋትም። ኑ፣ እናንተም እዩዋት" አሉ። በተራ ሄደን አየን። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁሉም ሰው የመሰለውን ይጽፋል። እኔ ከዚያ ሰው ከተማርኩት ሳይቶሎጂ ሁሉ ያቺ ዓረፍተ ነገር ትበልጥብኛለች።

እንዲህ እየሆነ ነው ወደ ሐምሌ የመጣነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሳጥኑ ከሰበታ መጣ። በሬን ዘጋሁ። ስልኬን አጠፋሁ። አሥሩን ስላይድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥግ እስከ ጥግ አነበብኩ፣ የተጠራጠርኩትን ሁለት ጊዜ። ፈተና መሆኑን አውቃለሁ። ከአሥሩ ውስጥ ቢያንስ ሦስት አራቱ ችግር ያለባቸው እንደሆነ አውቃለሁ፣ ማንም ሰው አሥር ጤነኛ ስላይድ ጭኑ ላይ ታቅፎ ከሰበታ አያመጣም። ስለዚህ ፈለግኩ፣ አገኘሁ። አሥር ከአሥር። ከመሀሉም አንዷ የሆጅኪን ሊምፎማ፣ ማለትም የንፍፊት ዕጢ ካንሰር፣ ነበረች።

ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም። የመጣው ከሰዓት ነው። ጀነሬተሩ ናፍጣ አልቆበት ስለነበር ስላይዱ ሁሉ ተጠራቅሟል። ውጭ ዝናብ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ውጤት የሚጠብቁ ሰዎች ተደርድረዋል፣ አንዳንዶቹ ለታክሲ እንዳይመሽባቸው በበሩ ብቅ እያሉ ያያሉ። የልጁ ስላይድ የደረሰኝ ወደ 10 ሰዓት ግድም ነው፣ ከሰላሳ ስላይድ በኋላ። የማዘዣ ወረቀቱ "የቀኝ አንገት ንፍፊት፣ 2 ወር፣ ቲቢ?" ይላል። በእኛ አገር የአንገት ንፍፊት ሲሆን ሁሉም መጀመሪያ የሚያስበው ቲቢን ነው፣ ልክም ነው፣ በጣም ብዙ ጊዜ ቲቢ ነው። እኔም ቲቢ ፈለግኩ። የሞተ ሕብረ ሕዋስ የለም፣ ግራኑሎማ (ቲቢ ሲኖር የሚታይ የሴሎች ክምችት) የለም። ሊምፎሳይት የሚባሉ፣ የተለያየ መጠን ያላቸው ነጭ የደም ሴሎች አሉ፣ ኢንፌክሽን ሲኖር እንደሚታየው። "ቲቢ አልታየም። ለካንሰር የሚያሰጋ ነገር አልታየም።" ፈረምኩ። የሚቀጥለውን አነሳሁ።

ቲቢ አለመኖሩ ልክ ነበር። የተጠየቅኩትን ጥያቄ በትክክል መልሻለሁ። ያልተጠየቅኩት ነው ያመለጠኝ።

እናቴ ምስር ስትለቅም ትዝ ይለኛል። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በጣቷ ወዲህ ወዲያ እያደረገች። ጠጠር የበዛበት ምስር ሲሆን ጠጠር አያመልጣትም። ንጹሕ ነው ተብሎ በውድ የተገዛ ምስር ሲሆን ግን፣ ሁለት ሰፌድ ሙሉ ምንም ሳታገኝ ትቆይና ሦስተኛው ላይ ያለው ጠጠር ጥርስ ላይ ነው የሚገኘው። እሷም ይህን ታውቀው ነበር። ስለዚህ ንጹሕ የሚባለውን ምስር ሁልጊዜ ለቅማ ስትጨርስ ለአክስቴ ትሰጣታለች፣ "አንቺም አንዴ እይልኝ" ብላ። የዓይን ጥናት የሚያደርጉ ሰዎችም ያገኙት ይህንኑ ነው። በ2005 ጄረሚ ዎልፍና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት፣ የሚፈለገው ነገር እምብዛም የማይገኝ ሲሆን ሰው የመሳቱ መጠን በጣም እንደሚጨምር አሳየ። ዓይን አልደከመም፣ ግን ፍለጋውን ቶሎ ያቆማል። የለም ማለትን ይለምዳል።

ፈተናው ጠጠር የበዛበት ምስር ነው። ሐሙስ ንጹሕ ምስር ነው።

ይህንን ነገር የፈታሁት እኔ አይደለሁም፣ አብራኝ የምትሠራው የላብ ቴክኖሎጂስት ናት። ከዓመታት በፊት ጤና ጣቢያ ውስጥ የቲቢ አክታ ምርመራ ትሠራ ነበር። እዚያ ስላይድ አይጣልም። በቅደም ተከተል ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ከላይ የሚመጡት ሰዎች ከሳጥኑ በዕጣ ያነሳሉ፣ የመጀመሪያውን መልስ ሳያዩ እንደገና ያነባሉ፣ ከዚያ ያወዳድራሉ። በአገራችን የአክታ ምርመራ ጥራት የሚጠበቀው ለዓመታት በዚህ መንገድ ነው። የሚመረመረው ለፈተና ተብሎ የተዘጋጀ ስላይድ ሳይሆን የራስህ የዕለት ሥራ ነው። የትኛው እንደሚነሳ አታውቅም።

ጥቅምት ላይ መጣችና "ዶክተር፣ እዚህስ ለምን አናደርገውም?" አለችኝ። "ማን ያነብልናል? ሌላ ፓቶሎጂስት የለንም" አልኳት። "እርስዎ ራስዎ ያነቡታል። ግን አላሳውቅዎትም።"

እንዲህ ታደርጋለች። በሳምንት አምስት፣ ቀደም ሲል ነጻ ብዬ የፈረምኩባቸውን ስላይዶች ከመደርደሪያ ታወጣለች። የቀለም ነጥብ ካለ በአልኮል ትጠርጋለች። የድሮውን ቁጥር በፕላስተር ሸፍና አዲስ ትጽፋለች፣ አዲስ ወረቀት ላይ ዕድሜ፣ ጾታና ቦታ ብቻ ታሰፍራለች፣ ከዕለቱ ስላይዶች መሀል ትቀላቅላለች። መልሱን በአንዲት ደብተር ይዛለች። ደብተሯን እኔ አላያትም። መጀመሪያ ትንሽ ከብዶኛል፣ አልዋሽም። የትኛው ስላይድ የራሴ እንደሆነ ሳላውቅ መቀመጥ ከፈተና ሳጥኑ በላይ ያስፈራል። ሁለተኛ ሳምንት ላይ ግን ሁሉንም ስላይድ ቀስ ብዬ እያነበብኩ እንደሆነ አስተዋልኩ።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት፣ ገና ሦስተኛው ስላይድ ላይ ነኝ። "24 ዓመት፣ ወንድ፣ አንገት" ነው የሚለው ወረቀቱ፣ ሌላ ምንም የለውም። ከዳር ጀመርኩ። ሊምፎሳይቶች፣ መሀል መሀሉ ላይ ኢኦሲኖፊል የሚባሉ ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች በርከት ብለዋል። ኢኦሲኖፊሎቹ አስቆሙኝ። ከዚያ ጠርዙ ላይ አንድ ትልቅ ሴል አየሁ፣ ሁለት ኒውክሊየስ (የሴሉ እምብርት)፣ በየአንዳንዱ መሀል ኒውክሊዮለስ የምንለው ጎላ ያለ ነጥብ። ተማሪ እያለን "የጉጉት ዓይን" እያልን ያጠናነው ነው፤ ዶርቲ ሪድ እና ካርል ስተርንበርግ ከመቶ ዓመት በፊት የገለጹት የሆጅኪን ሴል። ጉጉት ተመልሳ የምታይህ ያህል ነው። ፈለግኩ፣ ሁለት ሌሎች አገኘሁ። ሦስት ሴል፣ በአንድ ስላይድ ላይ።

ተነስቼ ጠራኋት። "ይሄ ልጅ ዛሬውኑ ይደወልለት፣ ባዮፕሲ ያስፈልገዋል፣ ሆጅኪን ይመስላል።"

ዝም አለች። ሄዳ ደብተሯን አመጣች። "ዶክተር፣ ይሄ የሐምሌ ነው" አለችኝ። "እርስዎ ነዎት የፈረሙት።"

ሴሎቹ ሐምሌም እዚያው ነበሩ። ማክሰኞ ከሳጥኑ ውስጥ አንዱን ሆጅኪን አግኝቼ 10 ከ10 ተብዬ፣ ሐሙስ ሌላኛውን አልፌዋለሁ። ማለፍ የሚለው ቃላችን ሁለቱንም መያዙን ያን ዕለት ነው ያሰብኩት።

ስልኩ ሠራ። ልጁ ገላን አካባቢ ብሎኬት ማምረቻ ነው የሚሠራው። በማግስቱ ከእናቱ ጋር መጣ። ንፍፊቱ አድጓል፣ ከአንገቱ ሥር ካለው አጥንት በላይ ሌላም ተጨምሯል፣ ሌሊት እንደሚያልበው ነገረኝ። በመሀል በመርፌ የሚሰጥ ጸረ ባክቴሪያ ወስዷል፣ ጸበልም ሄዷል። "ነጻ ነህ ስለተባልኩ አልተጨነቅኩም" አለኝ። እኔ ምን እንደምል ከሌሊቱ ጀምሮ ስዘጋጅ ነበር፣ ሲመጣ ግን የተዘጋጀሁትን ትቼ የሆነውን እንደሆነ ነገርኳቸው። ሐምሌ ላይ ሴሎቹ ስላይዱ ላይ ነበሩ፣ እኔ አላየኋቸውም፣ አሁን አይቻቸዋለሁ።

እናቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቆዩና "እንግዲህ አራት ወር ሙሉ ዝም ብሎ ሲያድግ ነበር ማለት ነው?" አሉኝ። "አዎ፣ እናቴ" አልኳቸው። ሌላ የምለው አልነበረኝም። በዚያው ሳምንት ቀዶ ጥገና ተደርጎ ባዮፕሲ ተወሰደ፣ ሆጅኪን ሆነ። ሆጅኪን በሕክምና ብዙ ጊዜ ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው። ሕክምናውን ጀምሯል። አራት ወር ግን አራት ወር ነው።

ከዚያ በኋላ የተለወጠው ብዙ አይደለም፣ ግን ጥብቅ ነው። የማዘዣ ወረቀቱን አሁን ስላይዱን አንዴ ሙሉ በሙሉ ካየሁ በኋላ ነው የማነበው፤ መጀመሪያ ዕድሜና ቦታ ብቻ ይነገረኛል። ከዚያ ወረቀቱን አንብቤ እንደገና አያለሁ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ንፍፊት አላነብም፣ ለነገ ይደር፤ ኮሪደር ላይ ያለው ሰው ሊቆጣ ይችላል፣ ይቆጣ። ንፍፊቱ ነጻ ቢባልም ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ካልጠፋ ተመለሱ የሚል ዓረፍተ ነገር ሪፖርቱ ላይ በጉልህ ተጽፏል፣ ቴክኖሎጂስቷም በቃል ትነግራቸዋለች።

የድርጅቱ ባለቤት ጠይቆኛል፣ "ይሄ ገንዘብ የማይከፈልበት ንባብ እስከ መቼ ነው?" ብሎ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ኪራይ የሚከፍለው እሱ ነው። በሳምንት አምስት ስላይድ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው አልኩት፣ ስለ ልጁም ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም።

ሰበታና ሰንዳፋም ይህንን ጀምረዋል። ታሪኩን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ ፖስታ በምንከፍትበት ጠረጴዛ ላይ። አንጋፋው ዶክተር ሰምተው ሲጨርሱ ስላይዱን ጠየቁኝ። ይዤው ነበር የሄድኩት። በተራ አዩት። አሁን ስላይዱ ለአዲስ ተማሪዎች በምናስቀምጠው ሳጥን ውስጥ ነው፣ የቀለም ነጥብ ሳይደረግበት፣ ራሳቸው እንዲፈልጉት።

የመጪው ዙር ሳጥን አሁን እኔ ጋ ነው፣ በእኛ ተራ። ዘጠኙ ዝግጁ ናቸው። አሥረኛዋን ልጨምር አልጨምር እያልኩ ነው። የ41 ዓመት ሴት እንቅርት ናት፣ ሦስታችንም አይተናት ሦስት የተለያየ ነገር ጽፈናል። መልሷ ስላልታወቀ ለፈተና አትሆንም። ቀዶ ጥገናዋ የሚቀጥለው ሐሙስ ነው፣ ውጤቱ ሲመጣ እደውላለሁ ብያቸዋለሁ።